ስለ ሐዲድ ስፋት፤ የካምፓላ ምድር ባቡር ታሪክና ለመምህራን የሚሰጠው ትምህርት

ሰው የሚሠራው ሥራ ሁሉ መጠን አለው። ገበሬው ማሳውን በጥማድ፣ ሸማኔው ሸማውን በክንድ፣ ግንበኛው ግድግዳውን በገመድ ይለካል። አንዳንዱ መጠን የተሳሳተ እንደ ሆነ በማግስቱ ይታረማል፤ የጠበበ ቀሚስ ይተረተራል፣ የጎበጠ ግድግዳም ፈርሶ ይሠራል። ሌላው መጠን ግን አንድ ጊዜ ከተቈረጠ በኋላ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ ልጅ ልጅ የሚተላለፍ ዕዳ ወይም ሀብት ሆኖ ይቀራል። የምድር ባቡር ሐዲድ ስፋት ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው።

የሐዲድ ስፋት ማለት ጎን ለጎን ተዘርግተው ከሚሄዱት ከሁለቱ ብረቶች ከአንደኛው የውስጥ ጠርዝ እስከ ሌላው የውስጥ ጠርዝ ድረስ ያለው ርቀት ነው። በዓለም ላይ ካለው የባቡር መሥመር ከግማሽ የሚበልጠው 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ይህም መደበኛ ሐዲድ ይባላል። ከዚህ የሚያንሰው ሁሉ ጠባብ ሐዲድ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ እንዴት የጠባብ ሐዲድ ከተማ እንደ ሆነች፣ ዛሬም ሰፊው ሐዲድ ሊጨመርላት ሲዘጋጅ ምን ጥያቄ እንደ ቀረበላት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በአውሮፓና በአሜሪካ እውነተኛውን ባቡር አሳንሶ በጠረጴዛ ላይ የመሥራት የእጅ ጥበብ አለ። ልጆች ይጫወቱበታል፤ ነገር ግን ሐኪሞችና መሐንዲሶች፣ መምህራንም የዕረፍት ጊዜያቸውን ይሰጡታል። እጅግ በተለመደው ልክ ማንኛውም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ሆኖ ይሠራልና 1,435 ሚሊ ሜትር የነበረው ሐዲድ 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ባለሙያው ዋናውን መሥመር ከፈጸመ በኋላ በጠረጴዛው ጥግ ተራራ አቁሞ ከላዩ የማዕድን ጕድጓድ ወይም የእንጨት መሰንጠቂያ ለማድረግ ያስባል። ለተራራ የሚስማማው ጠባብ ሐዲድ ስለ ሆነ የአንድ ሜትሩን መሥመር በ12 ሚሊ ሜትር፣ ከዚያ የሚያንሰውን ደግሞ በ9 ሚሊ ሜትር ስፋት ይነጥፋል። ሁለቱ በሚገናኙበት ጣቢያ ላይ የጭነት ማዛወሪያ መድረክ ያበጃል፤ የአንዱ ፉርጎ ወደ ሌላው ማለፍ አይችልምና።

በጠረጴዛው ላይ ሰፊው ሐዲድ ቀዳሚ ነው፤ ጠባቡ በኋላ የሚጨመር ጌጥ ነው። በካምፓላ ግን የታሪኩ ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ሆነ። ቀድሞ የመጣው፣ ከተማውንም ከባሕር ጋር ያገናኘው ጠባቡ ነው፤ ሰፊው ዘግይቶ የሚመጣ እንግዳ ነው። የአገራችንም ታሪክ እንዲሁ ስለ ሆነ የካምፓላ ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

የኡጋንዳ ምድር ባቡር ሥራ በ1896 በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ባለችው በሞምባሳ ተጀመረ። ዋናው መሐንዲስ ጆርጅ ዋይትሃውስ ይባል ነበር። የተመረጠውም ስፋት አንድ ሜትር ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጠባብ ሐዲድ በጠባቡ ይታጠፋል፤ በኮረብታ ወገብ ላይ ለመጠምዘዝ የሚቈፈረው አፈርና የሚፈነቀለው ድንጋይ ያነሰ ስለ ሆነ ወጪው ይቀላል። ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። እንግሊዞች በሕንድ አገር ብዙ የአንድ ሜትር መሥመር ነበራቸው፤ ሎኮሞቲቩም፣ ፉርጎውም፣ ሥራውን የለመደው ሠራተኛም ከዚያ በመርከብ ሊመጣ ይችል ነበር። ስለዚህ የምሥራቅ አፍሪካ ሐዲድ ስፋት የተወሰነው በምሥራቅ አፍሪካ ተራራና ሸለቆ ብቻ ሳይሆን በማዶ ባለው አገር ልማድ ጭምር ነው።

ለሥራው 32,000 ያህል ሕንዳውያን ተቀጥረው መጡ። ከእነርሱም 2,500 ያህሉ በበሽታና በአደጋ በዚያው ቀሩ። ዛሬ በሞምባሳና በናይሮቢ፣ በኪሱሙና በካምፓላ የሚኖረው የሕንዳውያን ወገን ታሪክ ከዚህ ሐዲድ ጋር የተያያዘ ነው። የሐዲድ ስፋት ብረትን ብቻ ሳይሆን ሕዝብንም ከቦታ ወደ ቦታ እንደሚያንቀሳቅስ ከዚህ እንረዳለን።

መሥመሩ በ1899 ናይሮቢ፣ በ1901 መጨረሻም በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ወዳለችው ወደ ኪሱሙ ደረሰ። በዚያን ጊዜ ኪሱሙ በኡጋንዳ ግዛት ውስጥ ትቈጠር ነበር። በ1902 ግን ያ ምሥራቃዊ ክፍል ተቈርጦ ዛሬ ኬንያ ወደምንለው ግዛት ስለ ተዛወረ የኡጋንዳ ምድር ባቡር የሚባለው መሥመር አንድም ክንድ በኡጋንዳ ምድር ላይ የሌለው ሆኖ ቀረ። ወደ ካምፓላ የሚሄደው ዕቃ በኪሱሙ ከፉርጎ ወርዶ በእንፋሎት መርከብ ይጫናል፤ ሐይቁንም ተሻግሮ ካምፓላ አጠገብ ባለው በፖርት ቤል ወደብ እንደ ገና ይወርዳል። ይህ ወደብ ስሙን ያገኘው የኡጋንዳ ገዥ ከነበረው ከሄስኬት ቤል ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ዋናውን ስፍራ የሚይዝ ነው። ዋናው መሥመር ከሐይቁ ማዶ ቆሞ ሳለ በኡጋንዳ ውስጥ ሁለት ትንንሽ መሥመሮች ተሠሩ። አንዱ በ1912 የተከፈተው ከጂንጃ ወደ ናማሳጋሊ የሚሄደው የቡሶጋ መሥመር ነው። ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወጣ በፏፏቴና በአለት ላይ ስለሚወርድ ለመርከብ አይመችም፤ ባቡሩ ይህን ክፉ ስፍራ አሳልፎ ጭነቱን ወንዙ ወደሚረጋበት ያደርስ ነበር። ሁለተኛው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ገደማ የተሠራው ከፖርት ቤል ወደ ካምፓላ የሚወጣው መሥመር ነው፤ ርዝመቱም 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

እነዚህ ሁለት መሥመሮች ከዋናው ጋር በምንም የተገናኙ አልነበሩም። በመካከላቸው ያለው ውሃ ነው። ለ10 ኪሎ ሜትር መንገድ ደግሞ ከአንድ ሜትር የጠበበ፣ ዋጋውም የረከሰ ሐዲድ መንጠፍ ይቻል ነበር፤ በዚያ ዘመን በስኳር አገዳ እርሻና በማዕድን ቦታ 60 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ሐዲድ የተለመደ ነበርና። ነገር ግን ሁለቱም የተሠሩት ልክ እንደ ዋናው በአንድ ሜትር ስፋት ነው።

የዚህ ጥቅም ከዓመታት በኋላ ታየ። ዋናው መሥመር ከኬንያ ደጋ በቶሮሮ በኩል ወደ ኡጋንዳ ገብቶ በ1928 ጂንጃ ደረሰ፤ የቡሶጋንም መሥመር በመንገዱ ተቀላቀለው። በ1931 በጂንጃ ላይ የዓባይ ድልድይ ተፈጸመና ባቡሩ ካምፓላ ገባ። ከሞምባሳ የተነሣ ፉርጎ ሳይራገፍ ካምፓላ ለመድረስ፣ ከዚያም ወደ ፖርት ቤል ለመውረድ የቻለው አስቀድሞ የተነጠፈው ትንሽ ሐዲድ በአንድ ልክ ስለ ተሠራ ነው። ሳይገናኙ በፊት በአንድ መጠን መሠራታቸው በተገናኙ ጊዜ አንድ አደረጋቸው። መሥመሩ በ1956 ወደ ምዕራብ ሄዶ ለኪሌምቤ የመዳብ ማዕድን ሲባል ካሴሴ ደረሰ፤ በ1964 ደግሞ በሰሜን ፓክዋች ደረሰ። ኋላም ፉርጎ ከነጭነቱ የሚጭኑ መርከቦች በሐይቁ ላይ ሲሠሩ የኡጋንዳ ፉርጎ ከፖርት ቤል ተሳፍሮ በታንዛኒያ ምዋንዛ እየወረደ ወደ ዳሬ ሰላም ለመሄድ ቻለ፤ የታንዛኒያም ማዕከላዊ መሥመር የአንድ ሜትር ነበርና።

መጠኑ ባይስማማ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያችው በታንዛኒያ፣ በቻይና ርዳታ ተሠርቶ በ1970ዎቹ አጋማሽ የተፈጸመው ከዳሬ ሰላም ወደ ዛምቢያ የሚሄደው ታዛራ 1,067 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ይህ የደቡብ አፍሪካ አገሮች ልክ ነው። በአንድ ሜትሩና በዚህ መካከል ያለው ልዩነት 67 ሚሊ ሜትር ነው፤ አራት ጣት ቢጋደም የሚሸፍነው ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ሐዲዶች በሚገናኙበት በኪዳቱ ጭነቱ ከአንዱ ፉርጎ ወደ ሌላው እየተዛወረ ይሄድ ዘንድ ግድ ሆነ። ካምፓላን ከሉሳካ የሚለያት ተራራና ሐይቅ ብቻ አይደለም፤ አራት ጣትም ጨምሮ ነው።

በእኛ በኩል ያለው አካባቢም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። በዐፄ ምኒልክ ፈቃድ በ1897 ከጅቡቲ የተጀመረው፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው መሥመር አንድ ሜትር ነው። ጣሊያኖች ከምጽዋ አስመራ በ1911 ያደረሱት 950 ሚሊ ሜትር ነው። የሱዳኑ 1,067 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስት ጎረቤቶች ሦስት ልክ ያዙ። እያንዳንዱ የባሕር በሩን ከመዲናው ያገናኘው ለራሱ ጌታ ወይም ለራሱ ኩባንያ አሳብ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይገናኛል ብሎ የለካ አልነበረም።

እዚህ ላይ ተማሪዎችን የሚያስደንቅ አንድ ነገር አለ። ሁለት ዐይነት ባቡር በአንድ መንገድ ላይ እንዲሄድ ሲፈለግ ሦስተኛ ብረት ይጨመራል፤ አንዱ ብረት ለሁለቱም የጋራ ይሆናል። አንድ ሜትሩን ከ1,435 ጋር በዚህ መንገድ ማስማማት ይቻላል፤ በመካከላቸው 435 ሚሊ ሜትር ስፍራ አለና። አንድ ሜትሩን ከ1,067 ጋር ግን በሦስት ብረት ማስማማት አይቻልም። የብረቱ እግር ራሱ ከ67 ሚሊ ሜትር ይሰፋልና ሁለቱ ብረቶች ጎን ለጎን ለመቆም ቦታ አያገኙም። እጅግ የተራራቁት ሲታረቁ በጣም የተቀራረቡት ሳይታረቁ ይቀራሉ ማለት ነው። በሰዎችም ዘንድ እንዲህ ያለው ነገር መኖሩን አንባቢው ያውቃል።

ጠባብ ሐዲድ ማለት ደካማ ሐዲድ ማለት ነው ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። በ1955 እና በ1956 የምሥራቅ አፍሪካ ምድር ባቡር ከእንግሊዝ አገር ከማንቸስተር፣ ከቤየር ፒኮክ ፋብሪካ 34 ጋራት የሚባሉ ሎኮሞቲቮች አስመጣ። እያንዳንዳቸው 250 ቶን ያህል ይመዝኑ ነበር፤ በአንድ ሜትር ሐዲድ ላይ ከሄዱት የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ሁሉ በኀይል የሚወዳደራቸው አልነበረም። የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ስም ተሰጥቷቸው ነበር። ከእነርሱም አንዱ ዛሬ በናይሮቢ የምድር ባቡር ቤተ መዘክር ይታያል። በዚያ ዘመን የነበሩት መሐንዲሶች የደቡቡ 1,067 አንድ ቀን ወደ እነርሱ ይደርስ ይሆናል ብለው ስላሰቡ ሎኮሞቲቮቹን ያሠሩት በትንሽ ድካም ወደዚያ ስፋት ሊለወጡ በሚችሉበት መንገድ ነው። ያ ቀን አልደረሰም፤ ሎኮሞቲቮቹ ሳይለወጡ የእንፋሎት ዘመን አለፈ። አስተዋዮች መሆናቸው ግን አልጠፋም፤ ሲሠሩ ጎረቤታቸውን አስበዋልና።

ከዚያ በኋላ የመጣው ችግር ከሐዲዱ ስፋት የመጣ አይደለም። በ1977 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበር ሲፈርስ አንድ የነበረው ምድር ባቡር በሦስት ተከፈለ፤ ኡጋንዳም የራሷን ኮርፖሬሽን አቆመች። ስፋቱ አንድ ሆኖ ሳለ አስተዳደሩ ተለያየ። ጦርነትና የገንዘብ እጦት ጥገናውን አጓደለ፤ ጭነቱም ወደ መኪና መንገድ ሄደ። ወደ ካሴሴና ወደ ፓክዋች የሚሄዱት መሥመሮች ለብዙ ዘመን ሣር በቀለባቸው። በ2006 የኬንያና የኡጋንዳ መሥመር በውል ለግል ኩባንያ ተሰጠ፤ ከ10 ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜም ውሉ ፈርሶ መሥመሩ ወደ መንግሥታቱ ተመለሰ። ስለዚህ ጠባቡ ሐዲድ አረጀ ሲባል ያረጀው ልኩ ነው ወይስ ጥገናው ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። አንድ ሜትሩ ጥንትም አንድ ሜትር ነበር፤ 250 ቶን የሚመዝነውን ሎኮሞቲቭም ተሸክሟል።

አሁን ሰፊው ሐዲድ እየመጣ ነው። በአገራችን ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው 1,435 ሚሊ ሜትር መሥመር በ2016 ተመረቀ። በኬንያ ከሞምባሳ ናይሮቢ በ2017፣ በታንዛኒያ ከዳሬ ሰላም ዶዶማ በ2024 ተከፈተ። ኡጋንዳም በጥቅምት 2024 ከኬንያ ወሰን ከማላባ እስከ ካምፓላ 272 ኪሎ ሜትር ያህል ሰፊ ሐዲድ ለማሠራት ያፒ መርከዚ ከሚባል የቱርክ ኩባንያ ጋር ተዋዋለች። ይህ ኩባንያ ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደውን መሥመር በአገራችን የሠራ ነው። ሰፊው ሐዲድ ፍጥነትና ብዙ ጭነት የሚሰጥ መሆኑን የሚክድ የለም። ከሁሉም በላይ አሁን ጎረቤታሞች የሆኑ አገሮች አንድ ልክ መርጠዋል፤ ይህ ከመቶ ዓመት በፊት ያልተደረገ ነው።

ጥያቄው ያለው ጠባቡ ምን ይሁን በሚለው ላይ ነው። ካምፓላ ሦስት መንገድ አላት። አንደኛው ጠባቡን ነቅሎ መተው ነው። ሁለተኛው ሁለቱን እንደ ባዕድ ጎን ለጎን ማኖር ነው። ሦስተኛው ጠባቡን ለሰፊው ገባር ማድረግ ነው፤ ትንንሾቹ ወንዞች ወደ ዓባይ እንደሚገቡ ሁሉ።

የመጀመሪያው መንገድ ምን እንደሚያመጣ እኛ አይተነዋል። አዲሱ መሥመር በተከፈተ ጊዜ የአዲስ አበባ ጣቢያ የተሠራው ከከተማው ዳር በፉሪ ለቡ ነው። ከፈረንሳይኛው ቃል ለገሀር ተብሎ የተሰየመው፣ በከተማው እምብርት ያለው አሮጌው ጣቢያ ከአዲሱ ሐዲድ ጋር አልተያያዘም። በአሮጌው መሥመር ዳር ፉጨት ሲሰሙ ያደጉ ትንንሽ ከተሞች ጸጥ አሉ። በድሬዳዋ ልጅ ከአባቱ የተማረው የባቡር ጥገና ሙያም ወራሽ አጥቶ እንዳይቀር ያሰጋል። ሰፊው ወደ ባሕር ፈጥኖ ይሄዳል፤ ነገር ግን ነጋዴዋን ከገበያ፣ ተማሪውን ከትምህርት ቤት የሚያደርሰው ጠባቡ ነበር።

ሦስተኛው መንገድ ሊሠራ የሚችል መሆኑን ኬንያ አሳይታለች። ሰፊው ሐዲድ በ2019 ናይቫሻ አካባቢ ደርሶ ሲቆም ከአሮጌው የአንድ ሜትር መሥመር ጋር የሚያገናኝ አጭር ሐዲድና የዕቃ ማዛወሪያ ስፍራ ተሠራለት፤ ጭነቱም ከዚያ በጠባቡ ወደ ኡጋንዳ ለመሄድ ቻለ። ካምፓላም በ2015 መጨረሻ በዚሁ በአሮጌ ሐዲድ ላይ ከከተማው ወደ ናማንቬ የሕዝብ ባቡር አስጀምራ መኪና ባጨናነቀው ከተማ ጠባቡ ሐዲድ ገና ሥራ እንዳለው አሳይታለች። የፖርት ቤልም መሥመር ከሐይቁ ዳር ዕቃ ለማውጣት የተሠራ እንጂ ለጌጥ የተዘረጋ አይደለም። ማዛወሪያው ወጪና ጊዜ እንደሚበላ የታወቀ ነው፤ የነቀሉትን ሐዲድ መልሶ መዘርጋት ግን ከዚያ የከበደ ነው።

ይህን ሁሉ ለተማሪ በቃል ብቻ ከመንገር በእጁ አሠርቶ ማሳየት ይሻላል። የውጭ አገሩን ውድ መጫወቻ መግዛት አያስፈልግም። ከእውነተኛው 10 ጊዜ ያነሰ ልክ ብንይዝ ሒሳቡም ቀላል ይሆናል፤ የካምፓላና የአሮጌው የአዲስ አበባ ሐዲድ 10 ሳንቲ ሜትር፣ የአስመራው 9 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ የዛምቢያው 10.7 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ አዲሱ ሰፊው ደግሞ 14.4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ብረቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ወርድ ያለው የቀርከሃ ስንጥቅ፣ ተጋዳሚው የተቈረጠ እንጨት፣ መንኰራኵሩ የቆርቆሮ ክዳን ሊሆን ይችላል። ልጆቻችን ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሲሠሩ የኖሩ ናቸውና ለዚህ አስተማሪ አይሹም።

መምህሩ አስቀድሞ ክፍሉን በአራት ወገን ይክፈል። እያንዳንዱ ወገን ከሌላው ሳይማከር የየራሱን ልክ ይዞ ሐዲዱንና ፉርጎውን ይሥራ። ከዚያም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያገናኙአቸው፤ አንዱም ፉርጎ ወደ ሌላው እንደማያልፍ በዐይናቸው ያያሉ። ቀጥሎ ሦስተኛውን ብረት እንዲጨምሩ ይዘዛቸው፤ 10 ሳንቲ ሜትሩና 14.4ቱ ሲስማሙ፣ 10ሩና 10.7ቱ እንደማይስማሙ ያገኙታል። በመጨረሻም በከረጢት አሸዋ ሞልተው ከአንዱ ፉርጎ ወደ ሌላው ያዛውሩ፤ ሌላው ተማሪ ሰዓት ይያዝ። ጂኦግራፊው፣ ሒሳቡና ታሪኩ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ለውይይት የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ የካምፓላን ትንሽ መሥመር የለኩት ሰዎች ባሕር ማዶ ካለው፣ ገና ካልደረሰ ሐዲድ ጋር ያስማሙት ለምን ነው? መልሱን መምህሩ ቀድሞ አይንገር። ተማሪዎቹ ራሳቸው ካገኙት፣ ነገ በሚሠሩት ድልድይና በሚያወጡት ሕግ፣ በሚያዘጋጁትም መጽሐፍ ላይ ሲለኩ ጎረቤትን አብረው ይለካሉ።